ጅማ ላይ ግቢ ውስጥ ቤት ማከራየት፦ ፕላኑ፣ ካርታውና የአከራዩ ህግ

ጅማ ላይ ሙሉ ግቢ የሚከራይ ሰው ጥቂት ነው፣ ወይ ድርጅት ነው ወይ ደህና ገቢ ያለው ቤተሰብ፣ ሌላው ሰው የሚከራየው ክፍል ነው። ከፊት ባለቤቶቹ የሚኖሩበት ዋና ቤት ይኖራል፣ ከኋላ አጥሩን ተደግፎ የተደረደረ ሰርቪስ፣ አንዳንዱ ብሎኬት አንዳንዱ ጭቃ ሆኖ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱ ላይ ጠባብ በረንዳ፣ ጥግ ላይ የጋራ ሽንት ቤት፣ መሀል ላይ አንድ ቧንቧ። ቆጪም ሂዱ ቦሳ ኪቶም ሂዱ ጊንጆም ሂዱ ነገሩ ያው ነው። ተከራዩም ብዙ አይነት ነው፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የሆስፒታል ኢንተርን፣ ማስተርስ የሚማር፣ የባንክ ሰራተኛ፣ ሹፌር፣ በቡና ሰሞን ለስራ የሚመጣ፣ አዲስ ተጋቢ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲከራይ የከተማው ፕላን ምን ይላል? እዚህ ሰፈር ማከራየት ይቻላል እዛኛው አይቻልም የሚል መስመር ፈልጎ የሚመጣ ሰው አያገኝም፣ የኛ ህግ የሚያየው መሬቱንና ግንባታውን ነው፣ ቤቱ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር አይቆጥርም። ሌላ አገር እንደዛ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች ባለ አንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ የሚፈቀድበት ዞን አላቸው፣ ከተሞች መሬቱን እንዲህ መከፋፈል እንደሚችሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1926 ዩክሊድ በምትባል የኦሃዮ መንደር ጉዳይ ላይ ወስኗል፣ ከዛ በኋላ ቤተሰብ ማለት ማን ነው የሚለው ራሱ የፕላን ጥያቄ ሆነ። በጣም የሚገርመው የቤል ቴር ጉዳይ ነው፣ ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፣ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ከሁለት በላይ ሆነው አንድ ቤት እንዳይኖሩ ከለከለች፣ አንድ አከራይ ደግሞ ቤቱን ለስድስት የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጥቶ ነበር፣ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1974 መንደሯ ረታች። ይሄ ህግ ጅማ ቢመጣ ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያለው ሰፈር ግማሹ ወና ይሆን ነበር።

ጅማ ግን ሰፈር በሰው አይነት ተከፍሎበት አያውቅም ማለት አይቻልም። ከተማው ያደገው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ንግዱ ታች ሂርማታ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየባቸው አመታት እንደሌሎቹ የያዛቸው ከተሞች ጅማንም የፈረንጅና የአገሬው ሰው ብሎ በፕላን ሊለያይ ሰርቷል፣ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ስም እስከዛሬ አፍ ላይ አለ። ያ ክፍፍል ከሰዎቹ ጋር ሄደ፣ መንገዱና አንዳንዱ ህንጻ ቀረ።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግስት ያደረገው። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ፈረሰ፣ ትርፉ ተወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ሄዱ፣ ከዛ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት። ዛሬ ሂርማታና መንደራ አካባቢ የቀበሌ ቤት የሚባሉት አሮጌ ቤቶች የዛ ቅሪት ናቸው፣ ኪራያቸው አሁን ላለ ሰው ቀልድ ይመስላል፣ እድሳታቸው ግን ከኪራዩም በላይ ቀልድ ነው። የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ለሌላ አሳልፎ ማከራየት አይፈቀድለትም፣ ሰው ግን ዘመድ ነው እህቴ ናት እያለ ያስቀምጣል፣ ይሄን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

አሁን ያለውን ስርአት ለማየት ከመሬቱ መጀመር ነው። መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40፣ ስለዚህ ግቢ አለኝ የሚል ሰው ያለው የመጠቀም መብትና ላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ የሚሰጠውን ዘመን 99 አመት ያደርገዋል፣ የድሮዎቹ ደግሞ ነባር ይዞታ ይባላሉ። ሁለቱም ካርታ አላቸው፣ ካርታው ላይ አገልግሎቱ ተጽፏል፣ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ቅይጥ ምናምን። በኔ እይታ ከሁሉም የሚበልጠው ቃል ይሄ ነው ምክንያቱም መኖሪያ ተብሎ የተሰጠን ቦታ ሰው እንዲኖርበት ማከራየት አገልግሎቱን አይቀይረውም፣ ሰርቪሱን አፍርሶ ፔንሲዮን መክፈት፣ ወይ የመንገድ ፊት ክፍሉን በር አውጥቶ ሱቅ ማድረግ፣ ወይ ግቢውን መጋዘን ማድረግ ግን ይቀይረዋል። የአገልግሎት ለውጥ ማመልከቻ ይገባል፣ ከፕላኑ ጋር ካልተጋጨ ይፈቀዳል፣ ክፍያውም ይለወጣል። ጅማ ላይ ዋና መንገድ ዳር ያለ ሰው ሳያመለክት በር የሚከፍተው ብዙ ነው፣ ቤቱን ሊሸጥ ወይ ባንክ ሊያሲዝ የመጣ ቀን ነው ካርታውና ቤቱ እንደማይገናኙ የሚታየው።

ፕላኑ ራሱ ከ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ይመነጫል፣ ለከተማው መዋቅራዊ ፕላን ይሰራል፣ 10 አመት ያገለግላል፣ ከሱ ስር ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ ብሎኩንና የህንጻውን ከፍታ እስከመወሰን የሚወርድ። መዋቅራዊ ፕላን ላይ ቢጫ ተቀብቶ መኖሪያ የሚለው ሰፈር ውስጥ ስንት ክፍል ለስንት ሰው ይከራያል የሚል ነገር አይገኝም። ቦታህ መንገድ ይወጣበታል ወይ፣ አረንጓዴ ነው ወይ፣ የወንዝ ዳር ነው ወይ፣ ይሄን ነው የሚነግርህ። አዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ዳርና ዳሩ ያሉ ግቢዎች ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ጅማ ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ወንዝ ዳር ያለ ርካሽ ክፍል ለምን ርካሽ እንደሆነ ራሱ ያስረዳል። ቤት ልከራይ የሚል ሰው ፕላን አያይም፣ ልክ ነው፣ ግን ለሁለት አመት የሚገባ ሰው ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ታስቦ እንደሆነ ጎረቤት ቢጠይቅ አይጎዳም።

ከዛ ግንባታው። የ2001 የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ህንጻዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ይከፍላል፣ የኛ ሰርቪስ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ላዩ ላይ ሌላ ፎቅ የሌለው ትንሽ መኖሪያ። ለሱም ቢሆን የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ተጨማሪ ክፍል ለመስራትም እንደዛው፣ ግን ህንጻው ካለቀ በኋላ መጠቀሚያ ፈቃድ የሚጠየቀው ለምድብ ሐ ነው፣ ለትልልቆቹና ህዝብ ለሚሰበሰብባቸው። ማለትም ስድስት የሰርቪስ ክፍል ተሰርቶ ስድስት ቤተሰብ ሲገባበት ሽንት ቤቱ ይበቃል ወይ፣ መስኮቱ አየር ያስገባል ወይ፣ የመብራት መስመሩ ይችላል ወይ ብሎ ገብቶ የሚያይ አካል በ2001ዱ አዋጅ የለም። እኔ የኪራዩን ነገር ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው የማየው፣ ማከራየቱ ነጻ ነው፣ ክፍሉ ለሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ግን የለም። ይሄ ክፍተት ነው ክፍሉን ርካሽ ያደረገው፣ ይሄው ክፍተት ነው ሽንት ቤቱን ለአስራ ምናምን ሰው አንድ ያደረገው።

ያንን ክፍተት የሚሞላው የአከራዩ ህግ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፕላንም ከአዋጅም የበለጠ ይከበራል። በር የሚዘጋበት ሰአት አለ፣ ብዙ ቦታ ማታ ሶስት ሰአት፣ ለሀኪምና ለነርስ የሚላላ፣ ለላጤ ወንድ የሚጠብቅ። እንግዳ ማሳደር ያስጠይቃል። የመብራት ቆጣሪ አንድ ስለሆነ ቢሉ ሲመጣ እንዴት እንደሚካፈል ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው፣ አንዱ ግቢ በሰው ቁጥር፣ አንዱ በክፍል፣ ሌላው ፍሪጅ ላለው ጨምሮ፣ ምጣድ የሚባል ነገር ደግሞ ብዙ ቦታ ጭራሽ አይፈቀድም፣ ሲከራዩ መጀመሪያ የሚነገረው "እንጀራ እዚህ አይጋገርም፣ ግዙ" ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል ማን ቀድሞ ይሞላል የሚለው ሳይጻፍ የታወቀ ነው። ህዳር አካባቢ ደግሞ የቡና ዛፍ ያላቸው ባለቤቶች ግቢው ላይ ቡና ያሰጣሉ፣ ያኔ ልብስ ማድረቂያ ገመዱ ይነሳል፣ ልጅ እንዳይረግጥ ተከራይም አብሮ ይጠብቃል፣ ዝናብ ሲያስገመግም እትዬ ሲጣሩ ከየክፍሉ ሰው ወጥቶ አብሮ ያነሳል። ይሄ ውል ላይ የለም ግን እምቢ ያለ ተከራይ አልሰማሁም፣ ቡናውም ሲፈላ ይጠራላ።

ዩኒቨርሲቲው የዚህ ገበያ ዋና ሞተር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሰረተ ነው፣ ግቢዎቹ አንድ ቦታ አይደሉም፣ ዋናው ግቢ ጅሬን ስር፣ ግብርናው ለብቻው፣ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ፣ በየግቢው ዙሪያ የተለያየ ዋጋና የተለያየ ተከራይ ነው ያለው። መደበኛ ተማሪው ዶርም ስላለው ከውጭ የሚከራየው በብዛት ሰራተኛው፣ የኤክስቴንሽንና የድህረ ምረቃ ተማሪው፣ ሆስፒታሉ ጋ ተረኛ የሚሆነው ሀኪም ነው። ደላላው ይሄን ሁሉ በቃሉ ያውቃል።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ፣ የኪራይ ገቢ ግብር በ2008 የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሠንጠረዥ ለ ስር ነው፣ ጣሪያው 35 በመቶ፣ አዋጁ ሲወጣ የሂሳብ መዝገብ የማይይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶው ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለት ነበር፣ ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ደግሞ በልዩነቱ ላይ ይከፍላል። አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል። በዛው አመት ጥር ላይ የንብረት ታክስ አዋጅም ጸድቋል፣ አከራይ ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው ኪራይ ላይ ልጨምረው ነው፣ ይሄን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብዙ ሰው ውል የማይፈልገው በዚህ ነው፣ ውል ካለ ግብር አለ፣ ወይም ውሉ ላይ የሚጻፈው ብርና እጅ ላይ የሚሰጠው ብር ይለያያል፣ ተከራይም ዋጋ እንዳይጨምርበት ብሎ ዝም ይላል፣ በኋላ ሲጣሉ ግን ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ይሄን ልማድ ሊቀይር የመጣው መጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውል በጽሁፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት አመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪ በአመት አንዴና ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው፣ ክፍያው በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ። ሆቴልና ጌስት ሀውስ አይነካቸውም። ስድስት ወር ቅድሚያ ካላመጣህ ቁልፍ የለም ይባል ለነበረ ተከራይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማስፈጸሙ በክልልና በከተማ እጅ ስለሆነ ጅማ ላይ ወረቀቱ የሚሄደው ወደ ከተማው አስተዳደር ነው፣ የመስሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቅጹንም በዛው መሙላት ነው፣ ቋንቋው ያልሆነለት ሰው ለሚያነብለት ሰው ማሳየት አለበት፣ ያላነበቡትን መፈረም በኋላ ነገር ያመጣል።

አዋጁ ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ብዙ ይላል፣ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ሽንት ቤቱ ቁጥር ግን ያንን ያህል አይደለም፣ ስለዚህ የድሮው ክፍተት እንዳለ ነው። ክፍል የሚያይ ሰው ዛሬም ራሱ ነው ኢንስፔክተሩ፦ ቧንቧውን መክፈት፣ ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ባለቤቷን ሳይሆን ተከራዮቹን መጠየቅ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት ካለ ማየት፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሲነኩት ከሞቀ መተው፣ ቆጣሪው ስንት ክፍል እንደሚጋራው መቁጠር፣ ካርታው በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያፍረዋል፣ ግን ወራሾች ያልተከፋፈሉት ግቢ ከሆነ ዛሬ ከእናትየው ጋር የተዋዋለ ሰው ነገ ከአራት ወንድማማች ጋር ነው የሚከራከረው፣ ጨረቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ውሉን የሚመዘግብለትም አያገኝም።