የብሪታንያ የወንጀል ድራማና የተመልካቹ ፍርድ

የብሪታንያ የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ 70 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ በተመልካቹ ዘንድ ጥልቅ ፍቅርንም ብርቱ ክርክርንም የሚያስነሣ የድርሰት ዘርፍ ነው። በዋናነት የሚሠራው ለሕዝብ ጣቢያው ለቢቢሲና በማስታወቂያ ገቢ ለሚተዳደረው ለአይቲቪ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ ድራማዎች አንድ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ያነሱ ክፍሎች አሉት። ተመልካቹ በሳምንት አንድ ክፍል እያየ በመካከል ያሉትን ቀናት ማስረጃ ሲደምርና ሲቀንስ ስለሚሰነብት፣ በመጨረሻ የሚሰጠው አስተያየት ወደድሁት ወይም ጠላሁት ከማለት ያልፋል። አስተያየቶቹን በጥሞና ለተከታተለ ሰው የአብዛኞቹ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ ደራሲው ለተመልካቹ ሐቀኛ ነበር ወይ? (ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ዘመን ተመልካች ይህን ለመጠየቅ ብዙ ምክንያት አልነበረውም። ከ1955 እስከ 1976 በቢቢሲ በቀረበው «ዲክሰን ኦፍ ዶክ ግሪን» ላይ በጃክ ዋርነር የተተወነው ደግ የሰፈር ፖሊስ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ «እንደምን አመሻችሁ» እያለ ታሪኩን ይጀምር ነበር፤ ሕዝቡም አመነው። በ1962 «ዚ ካርስ» ሲጀመር ግን ፖሊሶቹ የሚቆጡ፣ የሚሳሳቱና ከሚስቶቻቸው ጋር የሚጣሉ ሰዎች ሆነው ታዩ። አንዳንድ የፖሊስ ኃላፊዎች ክብራችን ተነካ ብለው ቅሬታ ሲያሰሙ፣ ብዙ ተመልካች ደግሞ የሚያውቀውን ሰው በማየቱ ተደሰተ። ፖሊስ ምን ይመስላል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም።

በ1975 በጀመረው «ዘ ስዊኒ» ውስጥ በር ሰብሮ የሚገባ ቁጡ መርማሪ ሆኖ የተወነው ጆን ቶው፣ ከ12 ዓመት በኋላ በኦክስፎርድ ከተማ ፍጹም የተለየ ሰው ሆኖ ተመለሰ። «ኢንስፔክተር ሞርስ» ከ1987 እስከ 2000 በአይቲቪ በ33 ክፍሎች የቀረበ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ከነማስታወቂያው ሁለት ሰዓት ይወስድ ነበር። ሞርስ ቀይ ጃጓር የሚነዳ፣ ኦፔራ የሚያዳምጥ፣ መስቀለኛ ቃላት የሚሞላና ደጋግሞ የተሳሳተ ሰው የሚጠረጥር ብቸኛ ነው። አድናቂዎቹ ዝግታውን እንደ ጸጋ ቆጠሩት፤ ነቃፊዎቹ ደግሞ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይህን ያህል ሰው መገደሉ አይታመንም አሉ። ከሁሉ ይልቅ የድራማውን ጠባይ የሚገልጸው የመግቢያ ሙዚቃው ነው። የሙዚቃው ደራሲ የመርማሪውን ስም በቴሌግራፍ ምልክት፣ በረጅምና በአጭር ድምፅ፣ ዜማው ውስጥ አስገብቶታል። ፍንጩ ለማንም ሳይደበቅ በየሳምንቱ ይሰማል፤ የሚለየው ግን ጆሮውን የሰጠ ብቻ ነው። ጥሩ የወንጀል ድራማ ፍንጩን እንዲህ ሲያስቀምጥ ተመልካች ቢሸነፍም አይቀየምም።

ቦታም ራሱን የቻለ የክርክር ርዕስ ነው። «ቬራ» የኖርዘምበርላንድን ባሕር ዳርቻ፣ «ብሮድቸርች» የዶርሴትን ገደል፣ «ሃፒ ቫሊ» የምዕራብ ዮርክሻየርን ሸለቆ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘዋል፤ የአካባቢው ሰዎችም የተዋናዩን አነጋገር እንደ ቤተኛ ይፈትሻሉ። ከ1997 ጀምሮ የቀረበው «ሚድሶመር መርደርስ» ውብ መንደሮቹ ብዙ ወዳጅ ቢያፈሩለትም በ2011 ከባድ ወቀሳ ገጥሞታል። አዘጋጁ ድራማው ነጭ ያልሆኑ ነዋሪዎች የሌሉት የእንግሊዝነት የመጨረሻ ምሽግ ነው የሚል ቃል በመስጠታቸው ከሥራ ታገዱ፤ በኋላም ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ወቀሳው ተገቢ ነበር፤ ልብ ወለድ መንደርም ቢሆን በእውነተኛው አገር ውስጥ ማን ይኖራል የሚል መልእክት ያስተላልፋልና።

ስለ ሴቶች የሚነሣው ቅሬታ የበለጠ ያስጨንቃል። በ1991 የጀመረው «ፕራይም ሰስፔክት» ሔለን ሚረን የተወነችባትን የምርመራ ኃላፊ ከገዳዩም፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ንቀትም ጋር እያታገለ ስላሳየ ሰፊ ምስጋና አግኝቷል። በአንጻሩ በ2013 የጀመረውና በቤልፋስት ታሪኩ የሚካሄደው «ዘ ፎል» የሴቶችን መገደል ለዓይን እንዲስብ አድርጎ አቅርቧል ተብሎ ተተችቷል። በብሪታንያ ለልጆች የማይገቡ ትዕይንቶች ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይተላለፉ የሚከለክል ደንብ ቢኖርም፣ የእነዚህ ተመልካቾች ጥያቄ የሰዓት ጉዳይ አይደለም። ሟቿ ስም፣ ቤተሰብና ሕይወት ያላት ሰው ሆና ቀርባለች ወይስ የታሪኩ ማስጀመሪያ ሬሳ ብቻ ናት ብለው ነው የሚጠይቁት።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ፍጻሜው ነው። «ላይን ኦፍ ዲዩቲ» በ2012 በቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ በጸጥታ ተጀምሮ የፖሊስ ውስጥ ሙስናን በሚመረምር ክፍል ታሪክ አገር አነቃነቀ። የመቅረጫው ረጅም ጩኸት ሲሰማ ምርመራው ይጀመራል፤ ከዚያ ሰነድ በሰነድ ላይ እየተደረበ ጥያቄና መልስ ብቻ ረጅም ደቂቃዎችን ይወስዳል። አንዳንዶች በምሕጻረ ቃላቱ ብዛት ግራ ቢጋቡም፣ አብዛኛው ተመልካች እንዲያውም ተምሯቸዋል። በግንቦት 2021 የስድስተኛውን ምዕራፍ መጨረሻ 12.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ተመለከተው። ለዓመታት ሲፈለግ የኖረው የሙሰኞቹ ፖሊሶች ስውር አለቃ ግን አቅመ ቢስ የሚመስል ተራ የፖሊስ ኃላፊ ሆኖ ሲገኝ ብዙዎች ተከዳን አሉ። ሙስና ብዙውን ጊዜ ብልህ ሰው እንደማያስፈልገው የሚያሳይ እውነት ነው ብለው የተከላከሉም ነበሩ፤ ሐሳባቸው ትክክል ነው፣ ሆኖም ድራማው ለዓመታት ያስጠበቀው ሌላ ዓይነት ሰው ስለነበር ቅሬታውም መሠረት አለው።

«ሃፒ ቫሊ» በየካቲት 2023 ሲፈጸም የሆነው የተለየ ነው። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ተመልካቹ ሰባት ዓመት ጠብቆ ነበር፤ የጠበቀውም ሳጅን ካትሪን ካውድ ለልጇ ሞት ተጠያቂ የምታደርገውን ቶሚ ሊ ሮይስን የምትገጥምበትን ሰዓት ነው። ደራሲዋ ሳሊ ዌይንራይት ይህን ግጥሚያ ወደ ካትሪን ወጥ ቤት አስገባችው። ሰውየው ቆስሎ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጧል፤ ካትሪን ያሳደገችውን የራሱን ልጅ የልጅነት ፎቶግራፎች አይቷል፤ ሁለቱ ያወራሉ። ለሦስት ምዕራፎች የተከማቸው ጥላቻ፣ ሐዘንና የልጅ ፍቅር ሁሉ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ በቃላት ወጣ፤ ከዚያም ሮይስ በራሱ ላይ ቤንዚን አርከፍክፎ እሳት ለኮሰ። ካትሪንን ሆና የተወነችው ሳራ ላንካሻየር በዚህ ትዕይንት ያሳየችው ትወና በአንድ ድምፅ ሊባል በሚችል መልኩ ተወድሷል። ዌይንራይት ታሪኩ በሦስተኛው ምዕራፍ እንደሚያበቃ አስቀድማ ተናግራ ነበር፤ አበቃም።