ጎፈር የሌለው ፈረሰኛ፦ ስለ ራስ ጌጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የታሪክ ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ የምንጫወተው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ባላቸው የወታደር ምስሎች ነው። ምስሎቹን ከላይ ሆነን ስለምናያቸው ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ራሳቸው ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት የፈረሰኛው የራስ መሸፈኛ ከተሳሳተ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ዘመኑም ማዕረጉም ይዛባል። ምስል ሲመረጥ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች ከዚህ በታች አርማለሁ።

«የዐድዋ ፈረሰኛ ሁሉ የአንበሳ ጎፈር ያደርግ ነበር።»

ጎፈር የጀግንነትና የማዕረግ ምልክት እንጂ የወል ልብስ አልነበረም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተሰለፈው ጭፍራ ብዙው ራሱን ገልጦ ወይም ሻሽ አስሮ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በታወቁት ፎቶግራፎቻቸው ላይ ከነጭ ሻሽ በላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ሃያ ፈረሰኞችን የሚያሰልፍ ሰው ጎፈሩን ለአለቃውና ለአንድ ሁለት ስመ ጥር ተዋጊዎች ብቻ ቢሰጥ፣ እንደ አባ ዳኘው ወይም እንደ አባ ነጋ በፈረስ ስሙ የሚጠራው መኳንንት ከተራው ጭፍራ ተለይቶ ይታያል። ሁሉም ጎፈር ካደረጉ ግን ክብሩ ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

«የኦሮሞ ፈረሰኛ ሁሉ ግንባሩ ላይ ከለቻ ያስራል።»

ይህ እኛን የጅማ ሰዎችን በቀጥታ ስለሚነካን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከለቻ፣ ግንባር ላይ የሚታሰረው ቀንድ መሰል ጌጥ፣ የአገር በቀሉ እምነት መሪ የሆነው የቃሉና የገዳ ሹማምንት የክብር ምልክት ነው። ጅማ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ እስልምናን የተቀበለ ንጉሣዊ መንግሥት ሆና ነበር፤ ስለዚህ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ላይ ቆሞ ለሚታየው ለዳግማዊ አባ ጅፋር ፈረሰኞች ከለቻ ያለበትን ራስ መምረጥ የአገሩን ታሪክ ማፋለስ ነው ብዬ አምናለሁ። አባ ጅፋር የሚለው መጠሪያ ራሱ የፈረስ ስም መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ እነዚህን ፈረሰኞች በግምት መሥራት ይከብዳል።

«ጣሊያን ዐድዋ ላይ ላባ ያለበት ቆብ የደፋ ፈረሰኛ ነበራት።»

ላባውን የሚያደርጉት በርሳሊየሪ የሚባሉት እግረኞች ነበሩ። የጣሊያን ጦር በዋነኛነት እግረኛና የተራራ መድፈኛ ስለነበረ በፈረሰኛ ምስል ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ቀይ ታርቡሽ ያደረጉ አስካሪዎችን፣ ማለትም ለጣሊያን የተዋጉትን የኤርትራ ወታደሮች፣ መግዛት ይሻላል።

«አንድ ሬጅመንት ከናፖሊዮን ጦርነቶች መጀመሪያ እስከ ዋተርሉ ድረስ ያው አንድ ቆብ ነበረው።»

ቀላል ድራጎኖች የሚባሉት የእንግሊዝ ፈረሰኞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1812 ድረስ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት ጠጉራም ቆዳ የተጋደመበት ታርልተን የሚባል የቆዳ ቁር ያደርጉ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ላይ እየሰፋ በሚሄድ፣ ሻኮ በሚባል ረጅም ቆብ ሲተካ፣ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ዌሊንግተን ወታደሮቹ ከፈረንሳዮቹ ጋር እንዳይመሳሰሉበት ሰግቶ ለውጡን ተቃውሞ ነበር። እንግዲህ ከዚያ በፊት በስፔን ለተደረጉ ውጊያዎች ታርልተን፣ ሰኔ 18 ቀን 1815 ለተደረገው ለዋተርሉ ደግሞ ሻኮ ያደረገው ምስል ይመረጣል። በዘመቻ ላይ ሻኮው ብዙ ጊዜ ውኃ በማያስገባ ጨርቅ ይሸፈንና ረጅሙ ላባ ይነቀል ነበር፤ የሰልፍ ልብስ የለበሰ ምስል ብቻ ከተገኘ ላባውን በምላጭ ቆርጦ ሻኮውን ጥቁር መቀባት ይበቃል።