ከጎልድፊሽ ጋር የሚስማማ ዓሣ ማለት ምን ማለት ነው?

ጎልድፊሽ የያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ብቻውን ደበረው፣ ምን ልጨምርለት?» ማለቱ አይቀርም። ሻጩን ሲጠይቅ «ይሄ አይጣላም፣ ይሆናል» ይባልና ቀለሙ የሚያምር ትንሽ ዓሣ በላስቲክ ተቋጥሮ ይሰጠዋል። አለመጣላት ግን የነገሩ ትንሹ ክፍል ነው። የሚስማማ ዓሣ የሚባለው በዚያው ውሃ፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ምግብ ከጎልድፊሹ ጋር ለዓመታት ኖሮ የሁለቱም ጤና ሳይጓደል መክረም የሚችለው ነው። አንድም ቀን ሳይነካኩ የሚጎዳዱ ዓሦች ሞልተዋል።

መጀመሪያ ሙቀቱን ተመልከቱ። ጎልድፊሽ የካርፕ ዘመድ ነው፣ ቻይናውያን ከ1,000 ዓመት በላይ በኩሬ እያራቡ ያወጡት፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ይመቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ያልገባበት አኳሪየም ብዙ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ስለሚሆን፣ ደጋ ለሚኖር ሰው ከጎልድፊሽ የተሻለ ዓሣ አላውቅም። ሱቅ ውስጥ ከጎኑ የሚደረደሩት ግን አብዛኞቹ የሞቃት አገር ናቸው። ቤታ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ዲስከስ ደግሞ 28 አካባቢ። «መሃል ላይ አድርገን እናስማማቸው» የሚሉ አሉ፣ አይሠራም። ቤታው ይፈዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ በሽታ ይደፍረዋል። ጎልድፊሹም ውሃው ሲሞቅበት ብዙ ይበላል፣ ብዙ ይጸዳዳል፣ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጨነቀውም ዓሣ የተጨናነቀበት አኳሪየም ነው።

ቀጥሎ አፍ። ጎልድፊሽ ክፉ ዓሣ አይደለም፣ ግን አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ሆድ፣ ማለትም ጨጓራ፣ የለውም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም ይውላል። ስትገዙት አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት፣ ቀጭኖቹ ዝርያዎች ግን ቦታ ካገኙ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ኒዮን ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ግን ሙሉ በሙሉ አድጎ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። መጨረሻው ይታወቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኮሪዶራስ ጉዳይ ነው። ኮሪዶራስ ከአምባዛ ወገን የሆነ፣ ወለል ወለሉን የሚሄድ፣ ማንንም የማይነካ ትንሽ ዓሣ ነው። ሲደነግጥ ግን ጀርባውና ጎኑ ላይ ያሉትን እሾሆች ያቆምና ይቆልፋቸዋል። ጎልድፊሹ ጠጠር ሲለቅም አብሮ አፉ ውስጥ ያስገባዋል፣ እሾሁ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፣ መዋጥም መትፋትም ያቅተዋል። ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ይሄ ሁሉ በሁለት «ሰላማዊ» ዓሦች መካከል የሚሆን ነው።

ሌላው ፕሌኮ ነው፣ መስታወት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው። እሱም ከአምባዛ ወገን ነው፣ አፉ መምጠጫ ነው። ቀን ቀን እንጨት ሥር ተደብቆ ይውላል። ማታ መብራት ሲጠፋ ጎልድፊሹ ቀጥ ብሎ ያርፋል፣ ፕሌኮውም ጎኑ ላይ ተለጥፎ ከቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ሽፋን መምጠጥ ሊጀምር ይችላል። ሽፋኑ ዓሣውን ከበሽታ የሚከላከል የመጀመሪያው አጥር ነው። ጠዋት ስታዩት ጎኑ ላይ የቀላ ወይም የነጣ ክብ ምልክት ታያላችሁ፣ ቅርፊቱም እዚያ ቦታ ላይ ሊነሳ ይችላል። ሁሉም ፕሌኮ ይሄን አያደርግም፣ ግን አንዴ የለመደ አይተውም። ደግሞ ተራው ፕሌኮ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ እሱ ራሱ የሚያቆሽሸው ከሚያጸዳው ይበልጣል። መስታወቱን በስፖንጅ ጥረጉት፣ ይሻላል።

ታይገር ባርብ የሚባለው ዓሣ የሌላውን ክንፍ ይነጫል፣ ረጅም ክንፍ ያለው ጎልድፊሽ አጠገብ አታስቡት። ሲክሊዶችም፣ ማለትም የእኛው ቆሮሶ ዘመዶች፣ አብዛኞቹ ቦታ ይጠብቃሉ፣ ይማታሉ።

ታዲያ ማን ይሁን? ለጎልድፊሽ ከሁሉ የሚስማማው ሌላ ጎልድፊሽ ነው። አብሮ መኖር የሚወድ ዓሣ ስለሆነ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ግን ማንኛውም ጎልድፊሽ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኮሜትና ሹቡንኪን የሚባሉት የጎልድፊሽ ዝርያዎች ቀጭን ናቸው፣ እንደ ጥይት ይወረወራሉ። ኦራንዳ፣ ብላክ ሙር፣ ራንቹ፣ በብል አይ ደግሞ ሰውነታቸው ድቡልቡል ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚዋኙት። ምግብ ስትጥሉ ተመልከቱ፤ ኮሜቱ ሦስት ጊዜ ጎርሶ ሲመለስ ብላክ ሙሩ ገና ምግቡ የት እንዳለ እየፈለገ ነው፣ ዓይኑ ትልቅ ቢሆንም ጥሩ አያይም። ኦራንዳውም ጭንቅላቱ ላይ ያለው ሥጋ እያደገ ዓይኑን ሊጋርደው ይችላል። በብል አይ ዓይኑ ሥር የተንጠለጠለው ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት በትንሽ ግፊያ ይፈነዳል። ማንም ማንንም አልነከሰም፣ ግን አንዱ በየቀኑ ሳይጠግብ ያድራል። ፈጣኑን ከፈጣን፣ ዘገምተኛውን ከዘገምተኛ አድርጉ። አንድ ጎልድፊሽ ሌላውን ከኋላ እየተከተለ ሲያሳድድ ካያችሁ ሁልጊዜ ጠብ አይደለም፤ ወንዱ በመራቢያ ጊዜ እንደዛ ነው፣ የስንጥቡ ክዳን ላይም ነጫጭ ነጠብጣቦች ያወጣል። ሴቷ አንድ ሆና ወንዶቹ ከበዙ ግን ያደክሟታል፣ ለይታችሁ አሳርፏት።

ከሌላ ዝርያ ይሁን ካላችሁ ዌዘር ሎች የሚባለውን ዓሣ እመርጣለሁ፣ ዶጆም ይባላል። እንደ እባብ ረዘም ያለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ፣ ወለል ላይ የሚኖር፣ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ ነው። የአየር ግፊት ሲለዋወጥ፣ ማለትም ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ውሃው ውስጥ ላይ ታች ይላል። ዘሎ የመውጣት አመል ስላለው ክዳን ያስፈልጋል። ኋይት ክላውድ የምትባለው ትንሽ የቻይና ዓሣም ሙቀቱ ይስማማታል፣ ፈጣንም ናት፣ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች ትልቅ ኮሜት ካለ እንዳታስገቧት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃው ይበቃል ወይ? ጎልድፊሽ ብዙ አሞኒያ፣ ማለትም ዓሣን የሚመርዝ ቆሻሻ፣ ያወጣል። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ግን የሚችሉት ልክ አላቸው። በተለምዶ ለመጀመሪያው ድቡልቡል ጎልድፊሽ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ገደማ ይታሰባል፣ ለኮሜት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ቦታ ከሌላችሁ ምርጡ ዓሣ እንኳ አይስማማም።

አዲሱን ዓሣ በመጣበት ቀን እንዳትቀላቅሉት። በሌላ ዕቃ፣ በራሱ ፊልተርና አየር፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆይ። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ካለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይወጣል፣ እናንተም አንድ ዓሣ ብቻ ታክማላችሁ። ከቀላቀላችሁ በኋላ ያሉትን ቀናት ምግብ ሰጥታችሁ ወዲያው አትሂዱ፤ ሁሉም መብላታቸውን፣ ክንፋቸው አለመቀደዱን፣ አንዱ ጥግ ይዞ አለመቅረቱን እዩ። ጥግ የያዘ ካለ ነገ ይሻለው ይሆናል ብላችሁ ሳትጠብቁ ያን ቀኑኑ ለዩት።