ወለድ አገድ ምንድን ነው?

ገበሬው ገንዘብ ቸግሮታል። ለልጁ ሰርግ፣ ለአባቱ ተዝካር ወይም ለሞተበት በሬ ምትክ። ያለው መሬት ብቻ ነው። ይሽጠው? ርስት ነውና ዘመድ ይነሳበታል፣ አገር ይታዘበዋል። በአራጣ ይበደር? ወለዱ በዓመቱ እጥፍ ሆኖ ይመጣበታል። ድሮ በዚህ ጊዜ የሚኬድበት ሦስተኛ መንገድ ነበር። ወለድ አገድ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል፣ ተበዳሪው መሬቱን ያስረክባል። ወለድ አይከፈልም። በወለዱ ፈንታ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ተበዳሪው ዋናውን ገንዘብ የመለሰ ዕለት መሬቱን ይረከባል። ካልመለሰ አበዳሪው ማረሱን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ የመመለሻ ቀን አይቆረጥም። የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ላይ እህል ካለ አዝመራው እስኪሰበሰብ መታገስ።

ከዱቤ ሽያጭ ጋር ሲያስተያዩት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በዱቤ ሲሸጥ መሬቱ ዛሬውኑ ይሄዳል፣ ገንዘቡ ቀስ እያለ ይመጣል። በወለድ አገድ ግን ገንዘቡ ዛሬ ይመጣል፤ ቀስ እያለ የሚሄደው መሬቱ ነው። እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ በቁጥር እንየው።

አንድ ገበሬ አራት ጥማድ መሬት አስይዞ 100 ብር ወሰደ እንበል። አበዳሪው ዘሩንና ጉልበቱን ከቀነሰ በኋላ ከመሬቱ በዓመት 30 ብር የሚያወጣ እህል ያገኛል። በአራተኛው ዓመት ካበደረው በላይ በልቷል። ዕዳው ግን ያው 100 ብር ነው፣ ሳንቲም አልጎደለም። ገበሬው ደግሞ ያቺን 100 ብር የሚያጠራቅምበት መሬት እጁ ላይ የለም። ቀሪው መሬት ቤተሰቡን ከመገበ ትልቅ ነገር ነው። እና ከየት አምጥቶ ይመልስ?

ገበሬው ራሱ በመሬቱ ላይ የሚቆይበትም ጊዜ ነበር። አበዳሪው ነጋዴ ወይም ባላባት ከሆነ ሞፈር አይጨብጥም። መሬቱን መልሶ ለዚያው ለተበዳሪው በእኩል ወይም በሲሶ ያሳርሰዋል። ሰውየው በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ ማሳ በዚያው በሬ ያርሳል፤ አውድማው ላይ ግን ድርሻውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ቆሟል።

ታዲያ ለምን ይዋዋሉት ነበር? ለሁለቱም ስም ይጠብቅላቸው ነበር። ተበዳሪው ርስቱን አልሸጠም፣ አስያዘ እንጂ። አበዳሪውም አራጣ በላ አይባልም። አራጣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተወገዘ ነው፤ የመሬት ፍሬ ሲሆን ግን ነገሩ ለዓይን ይለዝባል። እኔ እንደማየው ወለድ አገድ ሽያጭ ብለው ሊጠሩት ያልፈለጉት ሽያጭ ነው።

ይህ መሸፋፈን ያስፈለገው በርስት ሥርዓት ምክንያት ነው። እንደ ጎጃምና ጎንደር ባለው አገር ርስት የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም የሚቆጠር የዘር መብት ነው። አንዱ ተነስቶ ለባዕድ ሲሸጥ ወንድምና የአጎት ልጅ ዝም አይሉም። እርግጥ ሽያጭ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመሬት ሽያጭ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገብ ነበር። ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ጨው ይጻፋል፣ ምስክሮቹም በስማቸው ይዘረዘራሉ። በደቡብ ደግሞ ከአጼ ምኒልክ መስፋፋት በኋላ መሬቱ ቃላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ ተለክቶ በጋሻ ተደለደለ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። እዚያ የግል ይዞታው ስለጠነከረ ሽያጩም ይበልጥ በይፋ የሚደረግ ነበር።

ወደ ወለድ አገዱ ልመለስ፤ ጉዱ ያለው ከዓመታት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጭማሪው ይመጣል። ገበሬው 100 ብር ወስዷል። በክረምት ልጁ ታመመበት፣ ሄዶ 20 ብር ያስጨምራል። በሚቀጥለው ዓመት ግብር ጎደለው፣ 15 ይጨመርለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕዳው የመሬቱን ዋጋ ይጠጋል። ያኔ አበዳሪው «እንግዲህ ትንሽ ልጨምርልህና ሽጥልኝ» ይላል። ሰውየው የመመለስ ተስፋ ስለሌለው ይስማማል። በአንድ ቀን ቢጠየቅ እምቢ የሚለውን ሽያጭ በስድስትና በሰባት ዓመት ጨረሰው።

ሁለተኛው የግብር ደረሰኝ ነው። መሬቱን የያዘው አበዳሪው ስለሆነ ግብሩንም እሱ ይከፍላል፣ ደረሰኙም በስሙ ይቆረጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ደረሰኝ ይዞ ችሎት ለሚቆም ሰው ክርክሩ ቀላል ነው። ባሕር ዛፍ ከተከለበትማ በቃ። ተበዳሪው ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ «የዛፌንስ ዋጋ?» ይባላል። የዛፉ ዋጋ ከብድሩ በልጦ ይገኛል።

ሦስተኛው ሞት ነው። ተበዳሪውም አበዳሪውም አርፈዋል፣ ከምስክሮቹም የቀረ ካለ ጆሮው አይሰማም። የተበዳሪው ልጆች «አባታችን ያስያዘበት 100 ብር ይኸው፣ መሬታችንን» ይላሉ። የአበዳሪው ልጆች «አባታችን የገዛው ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ቤቱ ሲነገር የሰማውን ነው የሚናገረው። በዚያ ላይ 100 ብር ያኔና ዛሬ አንድ አይደለም። ያኔ ጥንድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ በልጅ ዘመን አንዱን በግም ላይገዛ ይችላል። ስለዚህ የአበዳሪው ወገን ብሩን መቀበል አይፈልግም፣ ሌላው መስጠት ይቸኩላል። በርስት ቀልድ የለምና ይህ ሙግት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንዳንዱ ለሙግቱ ወጪ ሌላ ማሳ በወለድ አገድ ያስይዛል!

ሕጉ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ አገድን ከነስሙ ከቁጥር 3117 ጀምሮ ደንግጎታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንም አዟል። ይኸው ሕግ በገንዘብ ብድር ላይ ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት 12 በመቶ ላይ ገድቧል። ቅድም ባየነው ምሳሌ አበዳሪው የሚያገኘው 30 በመቶ እንደነበር አስታውሱ። ለነገሩ ገጠር ውስጥ ይህን ቁጥር ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ማን ነበር?

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ አሥር ዓመት ሆኖ ነበር። በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገው። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ወይም በወለድ አገድ መስጠት ተከለከለ። የ1987 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት «የማይሸጥ የማይለወጥ» የጋራ ንብረት መሆኑን አጸና።

ችግሩ ግን በአዋጅ አልተሻረም። ገበሬው ዛሬም ይታመምበታል፣ ዛሬም ይድራል። ስለዚህ ወለድ አገዱ ስሙን ቀይሮ ይኖራል። ወረቀቱ ላይ «የብድር ውል» ወይም «የኪራይ ውል» ተብሎ ይጻፋል። ኪራይ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የሚያስጠይቀው ኪራይ የተባለው ነገር ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ማለቂያ የሌለው ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈራሽ ነው፤ መሬቱ ወደ ባለይዞታው፣ ገንዘቡም ወደ ሰጪው እንዲመለስ ይጠየቃል። ጎረቤታሞች ግን ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በሽማግሌ መጨረሱን ይመርጣሉ።

አሁን ሌላ በር ተከፍቷል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። የሚያዘው የመጠቀም መብቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። ብድሩ ካልተመለሰ ተቋሙ መሬቱን ወስዶ የራሱ ማድረግ አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የድሮው አበዳሪ ቢያንስ መሬቱን ማረስ ያውቅ ነበር። ባንክ በሬ የለውም። ብድሩ ሲበላሽ ማሳውን ለማን አከራይቶ ገንዘቡን እንደሚያስመልስ፣ ያ ተከራይ ጎረቤቱ ከሆነ ደግሞ መንደሩ ውስጥ ምን እንደሚባል፣ በሥራ ላይ ሲውል የምናየው ነው።