በሰሜን ሸዋ ወንዞች ዓሣን በመንጠቆ ማጥመድ

ሰሜን ሸዋ ሲነሣ የምንጃር ጤፍ፣ የመንዝ በግና የጅሩ ሰንጋ ይቀድማሉ፤ ዓሣ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ጣናን ወይም ዝዋይን የሚያውቅ መንገደኛ እዚህ ታንኳም የዓሣ ገበያም ሲያጣ ዓሣ የለም ብሎ ያልፋል። ዓሣው ግን አለ። ያለው ከደጋው ግርጌ፣ መኪና በብዙ ጠመዝማዛ ወርዶ በሚደርስባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ነው። የሚያጠምደውም ባብዛኛው ከእርሻና ከከብት ጥበቃ በተረፈው ጊዜ መንጠቆና ገመድ ይዞ ወንዝ የሚወርድ የቆላ ሰው ነው። እዚህ የሚነገረው ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ስላደረገው የአማራ ክልል ዞን ነው። በኦሮሚያ ክልልም መቀመጫው ፍቼ የሆነ ሌላ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ ሁለቱ ከስም ሌላ የጀማን ወንዝ ይጋራሉ።

የዞኑን ዓሣ ለመረዳት ከጣርማ በር መጀመር ይሻላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ በምዕራቡ በኩል የወደቀ ዝናብ በበሬሳ፣ በጫጫ፣ በሞፈር ውሃ ወይም በአዳባይ አድርጎ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ከወንጪት ጋር ተገናኝቶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ መጨረሻው ሜዲትራንያን ባሕር ነው። በምሥራቁ በኩል የወደቀው ደግሞ በደብረ ሲና ሥር ተንደርድሮ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርድና ወደ አዋሽ ያቀናል። ከደቡብ ጫፍ የሚነሣው ከሰምም እንዲሁ የአዋሽ ገባር ነው። አዋሽ ባሕር አይቶ አያውቅም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአንድ ተራራ ጀርባና ፊት ላይ ያሉ ሁለት ጅረቶች ውሃቸው ዳግም አይገናኝም፤ ስለዚህ ዓሣቸውም በከፊል የተለያየ ነው። በጀማ መንጠቆ የሚውጠውን፣ ባግረስ የሚባለውን ትልቅ ጢማም ዓሣ በሸዋ ሮቢት በኩል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢመሽበት አይገርምም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ያህል ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በደጋው ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ከጣት እምብዛም የማይረዝመው ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። ከአገጩ ሥር ባለችው መምጠጫ አካሉ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴውን ዝቃጭ እየፋቀ ይኖራል። እረኞች በእጃቸውና በነጠላ ጫፍ ይይዙታል። ለድስት የሚበቃ ሥጋ የለውም፤ ለመንጠቆ ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ። በከተማ አጠገብ በሚያልፉት እንደ በሬሳ ባሉ ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ከገባ ወዲህ ይህም ዓሣ ከከተማው በላይ እንጂ ከታች መፈለግ ከንቱ ድካም ሆኗል።

ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን በሚሻገርበት አካባቢም ሆነ ከዚያ በታች በብዛት የሚታወቀው በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው ባለ ትልቅ ቅርፊት ባርበስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ሲሆን ዘመኑም በፈረንጅ 1835 ነው። ይህ ዓሣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ የነፍሳት እጭ፣ የወደቀ ፍሬ፣ ሲያድግ ደግሞ ትናንሽ ዓሣ። አምባዛ በሁለቱም ተፋሰስ አለ። ከጉንጩ ጀርባ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ወንዙ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ሌላው ሲያልቅ እሱ ጭቃ ውስጥ ይቆያል። ባግረስ የዓባይ ወገን ነው፤ ቅርፊት የለውም፣ ረጃጅም ጢም አለው፣ ቀን ከአለት ሥር ተደብቆ ሌሊት ያድናል። በዚያው ተፋሰስ አፉ እንደ ኩምቢ የረዘመ፣ በጨለማ በደካማ ኤሌክትሪክ መንገዱን የሚለይ ሞርሚረስ የሚባል ዓሣም አለ፤ መንጠቆ ላይ ሲወጣ ያየው ሰው ይደነግጣል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ረጋ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ይበልጡን አልጌ በሊታ ስለሆነ በሕያው ማባበያ አይታለልም።

መሣሪያው ቀላል ነው። ዘንጉ ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ዘንግ ገመዱን በቁራጭ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠምጥሞ በእጁ ይወረውራል። ለመስጠሚያ ትንሽ ብሎን ወይም ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ይታሰራል። ለተንሳፋፊ የደረቀ የማሽላ አገዳ ልብ ይበቃል፤ ቀላልና ነጭ ስለሆነ ሲነካካ ከሩቅ ይታያል። ከሁሉ የሚወደደው መንጠቆው ነው። ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ የጠፋ መንጠቆ ሐዘኑ ከጠፋ ዓሣ ይበልጣል። አለት ሲይዘው ገመዱን ከመበጠስ ልብሱን አውልቆ የሚገባ ብዙ ነው።

ማባበያው ላይ የሰዉ ዕውቀት ይታያል። የተለመደው ቀይ ትል ነው፤ ከእርጥብ እበት ሥር ይቆፈራል፣ ከነአፈሩ በጣሳ ይያዛል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ፌንጣ ስለሚበዛ ትሉ ይረሳል፤ ጠዋት በጤዛ ክንፉ ሳይደርቅ የሚለቀመው ፌንጣ ለነጭ ዓሣ እጅግ ይስማማል። ሊጥ ለቆሮሶ፣ የዶሮ አንጀትና የከብት ሳንባ ለአምባዛ ነው። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ ስለሚያስስ ሽታ ያለው ነገር ከሩቅ ይጠራዋል።

ባግረስንና ትልልቁን ነጭ ዓሣ ለሚፈልግ ግን ሕያው ማባበያ ይሻላል፤ ጋራ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። አጥማጁ ቀን ከገባር ጅረት ድንጋይ እየገለበጠ ጥቂት ይይዝና ውሃ በያዘ ጀሪካን ውስጥ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንዷን በእርጥብ እጅ ይይዛል፤ ደረቅ እጅ ቆዳዋን የሸፈነውን ልጋግ ይገፍፋል፣ የተገፈፈች ደግሞ ቶሎ ትሞታለች። መንጠቆውን ከጀርባ ክንፏ ፊት፣ ከቆዳዋ ሥር ብቻ ያሳልፈዋል። አከርካሪዋን ከነካው አበቃ፤ የሞተች ጋራ ከትል አትሻልም። ውሃ ለረዥም ጊዜ እንዲጎትታት የሚፈልግ ደግሞ ከላይኛው ከንፈሯ ይሰካታል። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ጥልቁ በሚዞርበት የአለት ጥግ ቀስ ብሎ ይለቃታል። የምታደርገው መንፈራገጥ በውሃው ውስጥ ንዝረት ይፈጥራል፤ አዳኙ ዓሣ በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ያንን ያዳምጣል።

አሁን ትዕግሥት ነው። ገመዱ በጣት ላይ ተዘርግቶ ይጠበቃል። ባግረስ መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ይነካካል፤ ጀማሪው በዚህ ጊዜ ይጎትትና ባዶ መንጠቆ ያወጣል። የለመደው ገመዱን ላላ አድርጎ ዓሣው ማባበያውን አዙሮ እስኪውጥና መሄድ እስኪጀምር ይተወዋል፤ ገመዱ ሳያቋርጥ ሲሄድ ያኔ አንዴ ጠበቅ ያደርጋል። ወደ ዳር ሲመጣም ጥድፊያ አይበጅም፤ የባግረስም የአምባዛም የደረት ክንፍ እንደ ወስፌ የሾለ አጥንት ስላለው እጅ ይበሳል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት በጨለማ ከአለት ሥር እጁን የሚሰድ ሰው ቢያስታውሰው ይጠቅመዋል፤ ከታች በዓባይ ሸለቆ አዞም አለና።

ሰው ሠራሽ ማባበያ ለአገሩ እንግዳ ነው። በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የሚመጡ መዝናኛ ፈላጊዎች ይዘውት የሚወርዱት የሚያብለጨልጭ የብረት ማንኪያ መሰል፣ በውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ቅጠል ወይም ከላባ የተሠራ ዝንብ ነው። ሥራው አዳኙን በብልጭታና በንዝረት ማታለል ስለሆነ ውሃው ካልጠራ ከንቱ ነው። በጠራ ውሃ ግን ነጭ ዓሣ ይከተለዋል፤ ፏፏቴው ሥር፣ አረፋው ወደሚረጋበት ጠርዝ ተወርውሮ ከፈሳሹ ፍጥነት በጥቂት በልጦ ሲጎተት ሲመታው ዘንጉ እስኪጎብጥ ነው። ቆሮሶ እምብዛም ዞር ብሎ አያየውም። በላባ ዝንብ የታወቀው የባሌው ትራውት ነው፤ እሱም በፈረንጅ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በዚያ ደጋ ወንዞች የተለቀቀ እንግዳ ዓሣ ስለሆነ በሰሜን ሸዋ ጅረቶች መፈለጉ ስህተት ነው። በእኔ ግምት አንድ ጣሳ ፌንጣ ከሙሉ ሣጥን ማንኪያ የተሻለ ያጠምዳል፤ ማንኪያው የሚበልጠው ትልልቁን ዓሣ በመጋበዝ ብቻ ነው።

ወራቱን የሚወስነው ዝናብ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ወንዞቹ አፈር ተሸክመው ቡናማ ይሆናሉ፤ በዚሁ ጊዜ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባሮቹ ስለሚወጣ ቢተው ይመረጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውሃው ይጠራል፣ ዓሣውም ይርበዋል። በምሥራቁ በኩል የበልግ ዝናብ ስላለ የካቲትና መጋቢት ላይ አንዳንዴ ይደፈርሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደራሽ ነው። ቆላው ላይ ፀሐይ እየከረረ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ሳይታሰብ ሸለቆውን ሞልቶ ይመጣል። ውሃው ላይ ገለባና ቅጠል መንሳፈፍ ሲጀምር ዕቃን ሰብስቦ ወደ ላይ መውጣት እንጂ የመጨረሻውን ዓሣ መጠበቅ የለም።

የመንጠቆ ጠላቱ ብርብራ ነው። በአገሪቱ በብዙ ቦታ የዚህ ዛፍ ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና በበጋ ረጋ ባለ ኩሬ ላይ ይበተናል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የዓሣው ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚያግድ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሁሉም ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ለመብል የሚሆነውም፣ ጣት የማታህል ጫጩቷም። ሰውየው የሚወስደው አንድ ቅርጫት ነው፤ የቀረው ይበሰብሳል፣ ኩሬውም ክረምት መጥቶ ሌላ ዓሣ እስኪያወጣ ባዶ ይቀራል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። ሸለቆው ግን ሩቅ ነው፤ እዚያ ክልከላውን የሚያስከብረው ከአዋጁ ይልቅ ከብቱን በዚያ ኩሬ የሚያጠጣ ጎረቤት ነው።

የተያዘው ዓሣ ሁሉ አይበላም። በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ ርኩስ ስለተባለ ብዙ ኦርቶዶክሳዊ አምባዛንና ባግረስን አይነካም። ነጭ ዓሣና ቆሮሶ ግን ተበልተው ይወደሳሉ፤ ጎናቸው በቢላ ተተልትሎ፣ ጨውና ሎሚ ጠጥቶ፣ በዘይት እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ነጭ ዓሣ በሥጋው መካከል የተሸሸገ ቀጭን እሾህ ስለሚበዛበት «ዓሣን መብላት በብልሃት» የተባለው በተለይ ለእሱ ይመስላል። ፈላጊው በዓቢይ ጾም ይበዛል፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክርም በየዓመቱ ከወቅቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አባቶች አይበላም ሲሉ ምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ብሎ ያቀርበዋል።

በዚህ የተነሣ ማታ ከጀማ ዳር የሚታየው ነገር ያስቃል። አጥማጁ ክንዱን የሚያህል አምባዛ ሲታገል ቆይቶ ያወጣና ጢሙን ሲያይ ያጉረመርማል። ቀጥሎ በጥንቃቄ፣ ውዱን መንጠቆ እንዳይሰብር እየሳበ ከአፉ ያላቅቀውና ዓሣውን በእግሩ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። አምባዛው በቀላሉ አይሞትም፤ በማግስቱ ያንኑ መንጠቆ መልሶ ሊውጥ ይችላል።