ጋቢና ውስጥ ያለው ካሜራ «በክስተት ይቀዳል» ሲባል

ከድሬዳዋ በደወሌ ድንበር በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር «በክስተት ብቻ ይቀዳል» ሲባል ካሜራው የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም። ሞተር ከተነሳ ጀምሮ ያያል፤ አሮጌውን ምስል በአዲስ እየደመሰሰ ይቆያል። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ወይም ዓይን ሲከደን ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ለይቶ ያስቀምጣል። ጨለማ አያግደውም፣ በኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው ብርሃን) ያያል። ውሃ ለመጠጣት የተነሳን እጅ ግን ስልክ ነው ሊል ይችላል (በድሬ ሙቀት ስንቴ ይጠጣል!)፤ ቅጣት ከመፈረም በፊት ቪዲዮውን ማየት ነው።

የ2016ቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ስለ ራስ የተያዘውን የማየት መብትም ይሰጣል። አሠሪውን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ድምፅ ይቀዳል? ስንት ቀን ይቀመጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሞተር ጠፍቶ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ሲተኛስ ይቀዳል? አንዳንዱ ካሜራ ቁልፍ ከወጣም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል።