የአየርላንድ ጠረፍ የቦታ ስሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተሳሳተ አመለካከት፦ በ«ኪል» የሚጀምሩ ስሞች ግድያ የተፈጸመባቸውን ቦታዎች ያመለክታሉ።
እውነታው፦ ቃሉ «መግደል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ ከመመሳሰሉ በቀር ዝምድና የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ወይም የመነኮሳትን በኣት ከሚያመለክተው የአይሪሽ (የአየርላንድ ነባር ቋንቋ) ቃል የመጣ ሲሆን፣ አንዳንዴም «ደን» ማለት ነው። በዶኔጋል የምትገኘው የዓሣ አስጋሪዎች ወደብ ኪሊቤግስ ስሟ «ትንንሾቹ በኣቶች» ማለት ነው፤ ይህን ያህል ሰላማዊ ስም ከግድያ ጋር መያያዙ ያሳዝናል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዌክስፎርድና ዋተርፎርድ መጨረሻቸው «ፎርድ» ስለሆነ የወንዝ መሻገሪያዎች ናቸው።
እውነታው፦ ሁለቱም ስሞች ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡት የቫይኪንጎች ናቸው፤ «ፎርድ» የተባለውም ወደ የብስ ዘልቆ የሚገባ የባሕር ክንድ ነው። የአይሪሽ ስሞቻቸው ሎህ ጋርማን እና ፖርት ላርጌ በመሆናቸው፣ በመንገድ ምልክት ላይ ጎን ለጎን የሚነበቡት ሁለት ስሞች አንዱ የሌላው ትርጉም አይደሉም። መሻገሪያ የሚፈልግ ሰው ደብሊንን ይመልከት፤ የከተማዋ የአይሪሽ ስም «በርብራብ የተሠራው መሻገሪያ ከተማ» ማለት ነውና።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የእንግሊዝ ካርታ ሠሪዎች ስሞቹን ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሟቸው።
እውነታው፦ የተተረጎሙት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ድምፃቸው ብቻ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተቀርጾ የቀረ ሲሆን፣ ብዙዎቹም የካርታ ሠሪዎቹ የመሬት ቅየሳ በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ከመጀመሩ በፊት በቆዩ ሰነዶች ላይ በዚሁ መልክ ይጻፉ ነበር። ከ1830 ጀምሮ በቅየሳው ሥራ የተሰማራው ሊቅ ጆን ኦዶኖቫን ነዋሪዎችን እየጠየቀና የብራና መጻሕፍትን እያመሳከረ የአይሪሽ መልካቸውን ስለመዘገበ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። ለምሳሌ «ኪንሴል» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፉ ምንም አይነግረንም፤ በአይሪሽ ግን «የጨዋማው ውኃ ራስጌ»፣ ማለትም የባሕር ሞገድ ወደ ወንዙ ሽቅብ ወጥቶ የሚቆምበት ስፍራ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ከነጻነት ወዲህ የተመለሱት ስሞች ሁሉ ጥንታዊ የአይሪሽ ስሞች ናቸው።
እውነታው፦ ኮቭ እንዲህ አይደለችም። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1849 ስትጎበኛት «ኩዊንስታውን» የተባለችው ይህች ወደብ፣ በ1920ዎቹ መባቻ የተመለሰላት ስም «ትንሽ የባሕር ወሽመጥ» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል በአይሪሽ አጻጻፍ ነው። በ1821 «ኪንግስታውን» ተብላ የነበረችው ደን ሊሪ ግን በ1920 የተመለሰችበት ስም በእርግጥም ጥንታዊ ሲሆን፣ ትርጉሙ «የሊሪ ምሽግ» ነው።